ለትራፊክ መብራት ኃላፊዎች፦ መብራቱ እግረኛውንም ይቁጠር

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አዲስ አበባ እማዬን ይዤ አንድ ሰፊ መንገድ ስሻገር የእግረኛው አረንጓዴ ግማሽ ላይ ጠፋብን፣ እሷ ከዘራዋን ተደግፋ መሃል አካፋዩ ላይ ቀረች፣ መኪናው በግራም በቀኝም ይበራል፣ እጄን እንዴት አድርጋ እንደጨመቀችው አልረሳውም። በማግስቱ ሄጄ በስልኬ ለካሁት፣ 15 ሰከንድ ነው። መንገዱ 24 ሜትር ይሆናል፣ በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚሄድ ጤነኛ ሰው ራሱ 20 ሰከንድ ይፈልጋል፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ 0.8 ብትሄድ 30 ሰከንድ ማለት ነው።

አሁን ስማርት መብራት ይምጣ ሲባል እኔም ደስ ይለኛል። ነገሩ የቆየ ነው፣ ሲድኒ ስካትስ፣ እንግሊዞች ደግሞ ስኩት በሚባል መብራት በሚያዝ የኮምፒዩተር ሲስተም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሰራሉ፣ አስፋልት ስር የተቀበረ ሽቦ ከላዩ ያለውን መኪና ያውቃል፣ ኮምፒዩተሩ ሰልፍ ወደበዛበት አረንጓዴ ይጨምራል። እኔን የሚያስፈራኝ ሽቦው የሚያውቀው ብረት ብቻ መሆኑ ነው። እግረኛ አያይም፣ 70 ሰው የጫነ አውቶብስም አንድ ሰው የያዘች ቪትዝም ለሱ ያው መኪና ናቸው። ሰልፍ በበዛ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ዙሩን፣ ማለትም ከአንዱ አረንጓዴ እስከ ሚቀጥለው ያለውን ጊዜ፣ ያስረዝመዋል፣ እግረኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው በቀይ ይገባል፣ ከዛ እግረኛ ህግ አያከብርም ይባላል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ደግሞ የታክሲው ነገር አለ። ሚኒባስ መብራቱ ጋ ቆሞ ወያላው «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» እያለ ሲጭን ሴንሰሩ ሰልፍ መስሎት አረንጓዴ ይጨምርለታል። ስለዚህ ፌርማታው ከመስቀለኛው አለፍ ይበል፣ የአውቶብሱም እንደዛው፣ ምክንያቱም ለአውቶብስ ቅድሚያ መስጠት ማለት ሲመጣ አረንጓዴውን ትንሽ ሰከንድ ይዞ መጠበቅ ነው፣ ፌርማታው ከመብራቱ በፊት ከሆነ ሰው እስኪወርድና እስኪሳፈር ያ ሰከንድ በከንቱ ያልቃል። የስዊዘርላንዷ የዙሪክ ህዝብ በ1973 እ.ኤ.አ. ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ይቅርብን ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ በ1977 ደግሞ ትራሙና አውቶብሱ የሚፈጥኑበትን በጀት ፈቀደ፣ ዛሬ ትራም ሲቀርብ መብራቱ ይከፍትለታል።

እባካችሁ ሲስተሙ ሲገዛ ውሉ ላይ ይግባልን፦ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል የእግረኛ ጊዜ ይኑር፣ በደካማ ሰው እርምጃ የተሰላ፣ ሰልፍ ምንም ያህል ቢበዛ ኮምፒዩተሩ የማይነካው። እግረኛ ከዚህ በላይ አይጠብቅም የሚባል ጣሪያም ይኑር። መብራቱ መምጣታቸውን እንዲያውቅ አውቶብሶቹ ላይ ጂፒኤስ ይገጠም፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የትራፊክ መብራቱን የሚይዝ ባትሪም አይረሳ።

ያልኳችሁን ማቋረጫ ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኑና አብረን እንሻገር፣ እማዬም ትመጣለች።