የቅዳሜ እራታችን፦ አሳና አትክልት

ሰላም ውዶቼ፣ የቅዳሜው እራት ቀለል ያለ ነው፣ ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ አሳ እንገዛለን ግን እባካችሁ የምትገዙት ልጆች የሚተነፍስበትን የጆሮውን ክዳን ገልጣችሁ እዩት፣ ውስጡ ቀይ ካልሆነ አይኑም ከደፈረሰ ተዉት። ፊሌቶውን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጨው አሽተን 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሎሚ ውስጥ ብዙ ከቆየ ስጋው ይደርቃል ባለፈው አይተነዋል። ከዛ በጋለ መጥበሻ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገን በየጎኑ 3 ደቂቃ ገደማ፣ በሹካ ስትነኩት ከለቀቀና ውስጡ ከነጣ በስሏል።

አትክልቱ ካሮት፣ ፎሶሊያና ዝኩኒ ነው፣ ብዙ አታብስሉት፣ ካሮቱ ጥርስ ላይ ቀጭ ሲል ነው የሚጥመው። ጓሮው ውስጥ አቮካዶ ያለው ያምጣልኝ፣ ሰላጣውን ከቃሪያ ጋር እኔ እሰራለሁ። የማይመጣ ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ፣ አሳ ለነገ አይቀመጥም።