የፓይንቶፕ ፐርኪንስ ግራ እጅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ብሉዝ የተሰኘው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲነሳ ምስጋናው ሁሉ ለጊታር ተጫዋቾች መሰጠቱ ፒያኒስቶቹን የሚያስረሳ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በሚሲሲፒ፣ ቤልዞኒ የተወለዱትን ፓይንቶፕ ፐርኪንስን ለአንባቢያን ማስታወስ እወዳለሁ። በወጣትነታቸው ጊታርም ይጫወቱ የነበሩት እኚህ ሰው፣ በ1940ዎቹ በአርካንሳስ፣ ሄለና በስለት ተወግተው የግራ ክንዳቸው ጅማት ሲጎዳ ጊታሩን ትተው ሙሉ በሙሉ በፒያኖ ጸኑ፤ የሚገርመው ግን የሚታወቁበት ቡጊ ውጊ የተባለው የፒያኖ ስልት ግራ እጅን ያለ ዕረፍት የሚያሠራ አጨዋወት መሆኑ ነው። በ1969 ፒያኒስቱን ኦቲስ ስፓንን ተክተው የታዋቂውን የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች የመዲ ዋተርስን ባንድ ከተቀላቀሉ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ቆዩ። በስማቸው ካወጧቸው አልበሞች አብዛኞቹ ግን የተቀረጹት ከሰባ ዓመታቸው በኋላ ሲሆን፣ ይህ መዘግየት በእኔ አስተያየት የችሎታ ማነስ ሳይሆን የአጃቢነት ዕጣ ነው። በየካቲት 2011፣ በ97 ዓመታቸው የግራሚ ሽልማት አግኝተው፣ በቀጣዩ ወር በኦስቲን፣ ቴክሳስ አረፉ። የሙዚቃ ዓምድዎ ለእንዲህ ያሉ አጃቢዎችም ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።