ሱቅ ላላችሁ የሲያትል አባላት፦ ካሜራችሁን ፈትሹ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ የሲያትል ፖሊስ፣ የአላርም ድርጅት “ሴንሰር ጮኸ” ብሎ ስለደወለ ብቻ አይመጣም። ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ የዓይን ምስክር ወይም የፓኒክ ቁልፍ (አደጋ ሲመጣ የሚጫኑት የድረሱልኝ ቁልፍ) ጥሪ ይፈልጋል። በ2023 ከመጡት 13 ሺህ ያህል የአላርም ጥሪዎች ወንጀል የተረጋገጠባቸው ከ4 በመቶ በታች ናቸው። እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ለአላርም ድርጅታችሁ ደውሉና “ሲጮህ ካሜራዬን ከዚያው ሆናችሁ ታያላችሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ ስልክ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ለእነሱ አይጠቅምም። የጓሮ በሩን ካሜራ ደግሞ ማታ እዩት። የሸረሪት ድር ካለበት የካሜራው መብራት ያንጸባርቅበትና ምስሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል፤ ሰው ይሁን ድመት አይለይም። ጠረግ ጠረግ አድርጉት።

ማታ ብቻችሁን የምትዘጉ፣ እባካችሁ ፓኒክ ቁልፉ መሥራቱን አረጋግጡ። እሱ ቪዲዮ አይጠየቅበትም።