የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ዩኩሌሌ ከወሎ ቅኝቶች ጋር

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ ያተኮረው ሰስፔንድድ ኮርዶችን (ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ከመነሻው ሦስተኛው ድምፅ በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ይተካል) በዩኩሌሌ መጫወትና ከአገራችን ቅኝቶች ጋር ማስማማት ላይ ነበር። ዩኩሌሌ በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ የተሻገሩ ፖርቱጋላውያን ይዘውት ከሄዱት አነስተኛ የክር መሣሪያ የተገኘ ሲሆን፣ አራቱ ክሮቹ ጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤ ሆነው ይቃኛሉ። ክራር የሚደረድሩ አባሎቻችን ምቱን ቶሎ ያዙት፤ ክርን ፍሬት (የመሣሪያውን አንገት የሚከፋፍል አግዳሚ መስመር) ላይ መጫን ግን ለሁሉም አዲስ ነበር።

ልምምዱን የጀመርነው በአንድ ጣት ብቻ፣ የኤ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ በሚያዘው በሲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ እና ጂ ባሉት ኮርድ) ነው። ኮርዱ እንደተያዘ አመልካች ጣት የኢ ክርን አንደኛ ፍሬት ሲጫን፣ ኢ ቦታውን ለኤፍ ይለቅና ሲ ሰስ ፎር (አራተኛው ድምፅ የገባበት ሰስፔንድድ ኮርድ) ይሰማል፤ ጣቱ ሲነሣ ሜጀሩ ይመለሳል። በእኔ እምነት ለጀማሪ ጆሮ ከዚህ የተሻለ ማሠልጠኛ የለም፤ ተማሪው ሜጀርን ሜጀር የሚያደርገው የትኛው ድምፅ እንደሆነ በገዛ ጣቱ ይደርስበታልና።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠነው ለአምባሰል ቅኝት ነበር። አምባሰል ከሲ ሲነሣ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው፤ ኢም ሆነ ኢ ፍላት በመካከላቸው የለም። ስለዚህ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ከዜማው ሥር ሲ ሜጀርን ሲያስገቡ ኢ ባዕድ ሆኖ ዜማውን ይረብሸው ነበር። ሲ፣ ኤፍ እና ጂን ብቻ የያዘው ሰስ ፎር ግን ሦስቱም ድምፆቹ ከቅኝቱ ውስጥ ስለሆኑ ዜማውን ሳይነካ ይሸከመዋል። የሙዚቃ መማሪያዎች አዘውትረው ወደ ሜጀር መፈታት (ተመልሶ ማረፍ) እንዳለበት የሚያስተምሩት ይህ ኮርድ፣ በአምባሰል ላይ ራሱ ማረፊያ ይሆናል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አምባሰልን በክራር ስትጫወት ጓደኞቿ ሰስ ፎርን ይዘው ጣታቸውን ሳያነሡ እስከ ዜማው መጨረሻ የሄዱበት ልምምድ ይህን ለሁላችንም በግልጽ አሳይቶናል።

ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ባሉት በሜጀሩ ባቲ ግን ሰስ ፎር ወደ ሜጀር መመለስ ይችላል። ኤፍ ለሌለው ለሜጀሩ ትዝታ የተጠቀምነው ኢ በዲ የሚተካበትን ሰስ ቱን ነው፦ የጂ ክር ክፍት ሆኖ የሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ የኢ እና የኤ ክሮች ደግሞ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ይጫናሉ። ይኸው አያያዝ ጂ ሰስ ፎርም ስለሆነ፣ ከየትኛው መነሻ እንደሚሰማ አባላቱ ብዙ ተከራክረውበታል።

የደሴ ጠዋት ብርድ ስላለው መሣሪያዎቹ ከክፍል በወጡ ቁጥር ቅኝታቸው ይዛባ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት እንደገና መቃኘትን ደንብ አድርገናል።

አንቺሆዬ ከሲ ሲነሣ ጂ ስለሌለው ሰስ ፎርም ሆነ ሰስ ቱ አልገጠሙትም። ክበቡ በመስከረም ሥራውን የሚጀምረው ሁለት ድምፅ ብቻ ባላቸው አያያዞች ይህን ቅኝት በመሞከር ነው።