የኬዝ ክበባችን ዘንድሮ

ዘንድሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጎን ካለው ክፍል ክርክር ስትሰሙ ከነበረ፣ እኛ ነን። ስማችን ኬዝ ክበብ ይባላል። ትልልቆቹ የማኔጅመንት አማካሪ ድርጅቶች ሰው ሲቀጥሩ የሚጠይቁትን፣ «ኬዝ» የሚባለውን ዓይነት ጥያቄ እያመጣን እንፈታለን።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኩባንያዎችና መንግሥታት ከባድ ውሳኔ ሲገጥማቸው ከፍለው የሚያማክሯቸው ድርጅቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው አብሮ የሚጠራው ሦስቱ ማኪንዚ፣ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕና ቤይን ናቸው። ማኪንዚን በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ያቋቋመው የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበር። ድርጅቱ አዲስ አበባም ላይ ቢሮ ከፍቷል፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀረ። ደግሞ የሚቀጠረው ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ያጠና ብቻ አይደለም። መሐንዲስም፣ ሐኪምም፣ ጠበቃም ይገባል። ውጤት ግን ይታያል። ሲቪው ላይ ደካማ ውጤት ያለው ሰው ቃለ መጠይቅ ጋ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ የክፍል ትምህርቱን የዘነጋ አባል ከክበቡ አርፎ እንዲያጠና እናደርጋለን።

ሲቪው ያለፈለት ሰው ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ፈተና ይጠብቀዋል። የማኪንዚው እንደ ጌም የተሠራ ነው። ለዓመታት አንዱ ክፍሉ እርስ በርስ እየተመጋገቡ መኖር የሚችሉ እንስሳትና ዕፅዋት መርጦ ማዋቀር ነበር። ባዮሎጂ የሚወዱት ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ወሳኙ ግን ቃለ መጠይቁ ነው። ጠያቂው የአንድ ኩባንያ ችግር ያቀርባል። ተወዳዳሪው ያለ ካልኩሌተር፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ፣ እያሰበ እየተናገረ ይፈታዋል።

ልጆቻችንን የፈተናቸው ይሄው እያሰቡ መናገር ነው። እኛ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ የሚባለው እርግጠኛ ሲሆን ብቻ እጁን የሚያወጣው ነው። ኬዝ ላይ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ቁጥር የሚናገር ልጅ አያልፍም፤ ጠያቂው ማየት የሚፈልገው የሄደበትን መንገድ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ስለ አንድ ዳቦ ቤት ጠየቅኳቸው። ደንበኛው አልቀነሰም፣ ትርፉ ግን ወርዷል። ወዲያው «ማስታወቂያ ያሠራ» አሉ። ደንበኛው አልቀነሰም እኮ! ስለ ወጪ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ ስለ አንድ ካፌ ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረብኩ። ያኔ ጥያቄ ዘነበብኝ። የስኳር ዋጋ ስንት ገባ? ኪራይ ተጨመረ? ሰው ማኪያቶ ትቶ ወደ ሻይ ዞሯል? የመጨረሻዋን የጠየቀው ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማነው የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከሁሉም ያልረሳሁት የእንጀራውን ቀን ነው። ጥያቄው «አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንት እንጀራ ይሸጣል?» የሚል ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔ ይዛ ወጣች። ከተማው 5 ሚሊዮን ሰው አለው እንበል አለች። በአንድ ቤት 5 ሰው ቢኖር 1 ሚሊዮን ቤተሰብ። ከአራቱ አንዱ ገዝቶ የሚበላ ከሆነ 250 ሺህ። እያንዳንዱ በቀን 8 ቢገዛ 2 ሚሊዮን እንጀራ። ሁሉንም በግምት፣ ግን እያንዳንዱን ግምት ጮክ ብላ ነው የሄደችበት። ከኋላ አንዱ «ምግብ ቤቶቹስ? ከጉሊት ሁለት እንጀራ የሚገዛው ላጤስ?» አላት። ሳትደናገጥ ሰሌዳውን ለሦስት ከፈለችው። ይሄኔ እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ልጅ ተነሣች። «መብራት የጠፋ ቀን እኛ ቤት የሚመጣው ሰው ይበዛል፤ ግን የኛም ምጣድ በመብራት ነው» አለች። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ፦ ፈላጊው ሲጨምር አቅራቢው የሚቀንስበትን ቀን እንዴት እናስላው? እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እንጀራ ገበያ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ይህ እውቀት መሆኑን የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ችግርን ሳይደራረብና አንዱም ሳይቀር መከፋፈልን በሙያው «ሜሲ» ይሉታል። ሐሳቡ ሲነሣ በ1963 እ.ኤ.አ. ማኪንዚ የገባችው የባርባራ ሚንቶ ስም አብሮ ይነሣል። ልጆቹ አሁን የትምህርት ቤቱን ሽርሽር ወጪ ሳይቀር በሜሲ ካልከፋፈልን ይላሉ።

ቃለ መጠይቁ ሌላም ክፍል አለው። ከራስህ ሕይወት ንገረኝ ይላል፦ ሰው ያሳመንክበት፣ ከባድ ነገር የተወጣህበት ጊዜ። እዚህ ላይ ልጆቻችን ተቸገሩ። በጨዋነት ያደገ ልጅ «እኔ አደረግኩት» ማለት ጉራ ይመስለዋል። ሁሉንም ለጓደኞቹ ይሰጥና ራሱ ከታሪኩ ይጠፋል። አንድ አባል የሰፈሩን ልጆች አስተባብሮ ቤተ መጻሕፍት እንዳደራጀ ያወቅነው ከጓደኛው ነው። አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያችን በዙም የሙከራ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግላቸው ይህንኑ ደጋግሞ ነገራቸው። መጽሐፉን ማን ለመነ? እምቢ ያለውን ማን አሳመነው? እያለ አንድ በአንድ አወጣጣው። ልጁ በመጨረሻ አንገቱን ቀና አድርጎ ተናገረ። ይህን ልምምድ ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ለስኮላርሺፕም፣ ለማንኛውም ሥራም ይፈለጋልና።

በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ክፍሎችንም እንቀበላለን። ምዝገባው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሆናል። ሱቅ፣ ጋራዥ፣ እርሻ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ የገጠማችሁን እውነተኛ ችግር ብታካፍሉን ልጆቹ ይሠሩበታል።