ማርክ የማይያዝበት ፈተና

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ብርሃን አካባቢ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ዘንድሮ የክፍልፋይን ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት ማርክ የማይያዝበት አጭር ፈተና ሰጠሁ። «ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል?» ብዙዎቹ 1/4 አሉ። ለምን ስላቸው፣ «4 ከ3 ስለሚበልጥ» አሉኝ። አንድ ድፎ ዳቦ ለሦስት ሰውና ለአራት ሰው ሲቆረስ የቱ ጋ ድርሻው እንደሚተልቅ ስንነጋገር ገባቸው። ይህን ሳላውቅ ክፍልፋይ መደመር ብጀምር ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ኩረጃው መቅረቱ ነው። ማርክ ከሌለው ማን ይኮርጃል? ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እንኳ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ክፍተት 12ኛ ክፍል ላይ የተፈጠረ አይመስለኝም፤ ከታች ሲንከባለል የመጣ ነው።

የተማሪው ብዛት ለእርማት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። እኔ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው የምጽፈው። ርእሳነ መምህራን ለዚህ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፍቀዱልን።