ባዶ እግሩን የቆመው ጠበቃ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ክልል መሪዎች በጻፋችሁ ቁጥር የስፔኗ ክልል የካታሎኒያ መሪ የነበረው ሉዊስ ኮምፓኝስ ትዝ ይለኛል። ባርሴሎና ውስጥ ለሠራተኞች የሚሟገት ጠበቃ ነበር። በ1920 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ራሱ ታሰረ። ሊቆምለት የተነሳው ወዳጁ ጠበቃ ፍራንሴስክ ላይሬት ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። ኮምፓኝስ ግን ወደኋላ አላለም፤ የካታሎኒያ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። በ1934 የካታላን መንግሥት አወጀ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ችኮላ ነበር። 30 ዓመት ተፈረደበት፣ በ1936 ተፈታ። በስደት ሳለ የናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ፈረንሳይ ውስጥ ይዞ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን ላሸነፈው የስፔን አምባገነን ፍራንኮ አሳልፎ ሰጠው። ጥቅምት 1940 ባርሴሎና ባለው ሞንትዡይክ ምሽግ ውስጥ ተረሸነ። ጫማውን አውልቆ፣ የአገሩን አፈር በባዶ እግሩ ረግጦ ነው የሞተው ይባላል። ዕድሜውን ለሌሎች ሲከራከር የኖረ ሰው በወታደር ችሎት መፈረዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ አንድ ገጽ ስጡት።

አንባቢያችሁ